አንድ መስመር ተኩል

የባሕር ሳይንስ ኮሌጁን ማን ነው የሚያስተዳድረው ቢባል በወረቀት ላይ መልሱ ረጅም ነው። ከላይ የዩኒቨርሲቲው ቦርድ አለ፤ ማንም አይቶት አያውቅም። ከቦርዱ በታች ሴኔቱ፣ ከሴኔቱ በታች ዲኑ፣ እሱ ራሱ የሚሰበስበው አሥራ አንድ አባላት ያሉት የኮሌጁ ጉባኤ። ከሁሉም በታች፣ ድምፅ የማትሰጥ፣ ጥግ ተቀምጣ ቃለ ጉባኤ የምትይዝ ጸሐፊ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ሞኝ አልነበረችም፣ ወረቀቱ ግን አሥራ ዘጠኝ ዓመት በእጇ ነበር።

ዲኑን ሠራተኛው ከጀርባው “መልሕቅ” ይለዋል፣ ከተቀመጠበት ስለማይነሳ። የመልሕቅ ብልጠቱ አንዲት ነበረች። ጉባኤው ሁልጊዜ የሚያልቀው “ልዩ ልዩ ጉዳዮች” በሚል አጀንዳ ነው። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰርቪሱ በር ላይ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ይነፋል፤ ሩቅ ሰፈር የሚኖሩት የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይሮጣሉ። የሚቀሩት የመሥሪያ ቤት መኪና ያላቸው ናቸው፤ መኪናውን የመደበላቸው ደግሞ ዲኑ ነው። ልዩ ልዩ የሚታየው በዚያች ሰዓት ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት በዚያች ሰዓት የጸሐፊዋ ባል እንጀራ ተዘጋ። ባሏ የኮሌጁ የምርምር ጀልባ ካፒቴን ነበር፤ ሃያ ሁለት ዓመት ተማሪ ጭኖ ወጥቶ አንድም ሳያጎድል መልሷል። አንድ ቀን የዲኑን እንግዶች “ማዕበል አለ፣ አልጭንም” አለ። በቀጣዩ ጉባኤ፣ ጡሩንባው ከተነፋ በኋላ፣ የካፒቴኑ የሥራ መደብ ተሰረዘ፤ እሱም ወደ ናሙና መጋዘን ተዛወረ። ውሳኔውን የጻፈችው እሷ ናት፣ በገዛ እጇ። ለዚህም ራሷን ይቅር አላለችም።

ከዚያ ወዲህ ካፒቴኑ ፎርማሊን ውስጥ የተዘፈዘፉ ዓሦችን ሲጠብቅ ይውላል። ቤት ውስጥ ደግሞ ተኝቶ ባሕሩን ላለማየት የአልጋውን ራስጌ ወደ መስኮቱ አዙሮታል።

“ተይው በቃ” ይላታል። “ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም።”

“እኔ መቼ ጸሎት ያዝኩ?” ትለዋለች።

ዘንድሮ የዲኑ ሁለተኛው የሥራ ዘመን ሊያልቅ ወራት ቀሩት። ደንቡ ከሁለት በላይ አይፈቅድም፣ ጉባኤው በልዩ ሁኔታ ይራዘም ብሎ ሴኔቱን ካልጠየቀ በቀር። ሰኞ ዕለት ጠራትና በእጁ የጻፈውን አጀንዳ ሰጣት። መጨረሻው ልዩ ልዩ ነው፤ በሥሩ “የዲኑን የሥራ ዘመን ማራዘም” ይላል።

“ለአባላቱ ስትበትኚ ልዩ ልዩ ብቻ በይ። ዝርዝሩ ላንቺ ነው” አላት።

“እሺ” አለች። ኮሪደሩ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን ደግማ አነበበችው። አምስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችው ነገር ራሱ ጽፎ በእጇ አስያዛት።

በቀጥታ የሄደችው ወደ ሰርቪሱ ሾፌር ነበር። ሰውየው ድሮ ጀልባዋ ላይ ገመድ ጣይ ነበር፤ ጀልባዋ ስትቆም ነው መሪ የያዘው።

“ረቡዕ ጡሩንባህን መስማት አልፈልግም” አለችው።

ትንሽ አያት። “ለካፒቴኑ ነው?”

“ለካፒቴኑ።”

“እንግዲያው ጎማው ይተነፍሳላ፣ እህቴ። ምን ይደረጋል፣ ዕቃ ነው።”

ረቡዕ ስድስት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ጡሩንባ የለም። ዲኑ የመጋዘኑ መደርደሪያ ምን ዓይነት ቀለም ይቀባ በሚለው ላይ ሩብ ሰዓት አወያየ። ስለ መደርደሪያ ቀለም እንዲህ የተጨነቀ ሰው ታይቶ አይታወቅም። በየደቂቃው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ አንዱ ኃላፊ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “ጎማ እየቀየረ ነው፣ ገና ነው” አለና ተመልሶ ተቀመጠ። ሁሉም ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ።

ዲኑ ጉሮሮውን ጠረገ። “እንግዲህ ልዩ ልዩ ስለሌለ በዚሁ እንዝጋ።”

“አንድ አለ” አለች ጸሐፊዋ። በዚያ ክፍል ድምፅዋ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። “በእርስዎ እጅ የተጻፈ።” አነበበችውና ወረቀቱን ለዓሣ ሀብት ክፍል ኃላፊዋ አቀበለቻት።

ኃላፊዋ የእጅ ጽሑፉን አየች፤ ዲኑን አየች። “የራሱ ጉዳይ የሚታይ አባል ይወጣል፤ ድምፁም በምስጢር ነው። ደንቡ ይኼው ነው” አለች።

ዲኑ ወጣ። አሥር ቁራጭ ወረቀት ተቆጠረ፤ ሰባቱ “አይራዘም” ይላሉ። ከባለመኪኖቹ ሁለቱ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤውን ልታስፈርመው ቢሮው ገባች። ፊቱ አመድ መስሏል።

“እኔ አንቺን ምን በደልኩሽ?” አላት።

“ካፒቴኑን ያስታውሳሉ?”

“የትኛውን ካፒቴን?”

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል ሰምታለች፤ በእሷ ይደርሳል ብላ ግን አላሰበችም። ቂሙን እሱም አብሯት የተሸከመ ይመስላት ነበር። የድሮውን ፋይል አምጥታ ፊቱ ዘረጋችው።

“ያንብቡት። ድምፅዎን ከፍ አድርገው።”

አነበበው። መነጽሩን አወለቀ። “ይቺው ናት? አንድ መስመር ተኩል?”

“ይቺው ናት። የእርስዎም አንድ መስመር ተኩል ነው፤ ቆጥሬ ነው የጻፍኩት።” እስክሪብቶውን ከፍታ ሰጠችው። “እዚህ ጋ ይፈርሙ።”