ዋናው ዘፈንና የጋሼ ዘፈን

«ለመላው የፋብሪካችን ሠራተኞች። አርብ ከቀኑ በአስር ሰዓት ጋሼ ዘፈን ስለሚያሰሙ፣ ማንኛውም ሠራተኛ እጁን ታጥቦና ልብሱን አራግፎ፣ ያለ አንዳች ምክንያት መጋዘን ቁጥር ሁለት እንዲገኝ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ማስታወቂያው ማህተም ነበረበት። እሳት የተነሳ ቀን እንኳን ማህተም አላየንም፤ በአፍ ነበር የተነገረን።

ጋሼ የፍራሽ ፋብሪካችን ባለቤት ናቸው። ሮክ ይወዳሉ። መውደድ ብቻ ቢሆን ማንም ባልተጎዳ ነበር። እሳቸው ግን የሰው ዘፈን ይወስዱና ጊታሩን አሻክረው፣ ከበሮውን አብዝተው፣ ግጥሙን እያጓሩ ወደ ሜታል ቀይረው እንደገና ይሠሩታል። ሚስታቸው «ወይ እኔ ወይ ከበሮው» ስላሏቸው ዕቃውን ሁሉ ጭነው መጋዘን ቁጥር ሁለት አስገቡት። ፍራሽና ስፖንጅ እስከ ጣሪያ የተቆለለበት ቤት ስለሆነ ድምፅ ይውጣል። የቀረውን እኛ እንውጣለን።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ዋናው ዘፈን ይሰማል፤ አራት ደቂቃ። ቀጥሎ የጋሼ ይሰማል፤ ዘጠኝ ደቂቃ። ከዚያ ጋሼ አንድ ሰው በጣታቸው ይጠሩና «እስቲ ልዩነቱን ንገረኝ» ይላሉ። አንድ አርብ ይህ ጣት ሾፌሩ ላይ አረፈ። ሾፌሩ ቅን ሰው ነው፤ ጥቂት አሰበና «ዋናውም አይከፋም» አለ። ጋሼ ፈገግ ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሰኞ ጠዋት መኪናውን ሌላ ሰው እያጠበ ነበር።

የዚህ አርብ ተጠሪ ማን እንደሆነ ቀድሞ ታውቋል፤ ጠርዝ ሰፊዋ። ጠርዝ ሰፊዋ የፍራሹን ዙሪያ እየሰፋች የምትዘጋልን ሴት ናት። እሷ ካልዘጋችው ፍራሽ የለም፤ የተደራረበ ጨርቅ ነው ያለው። ሆኖም የሦስት ወር ኮንትራት ስድስት ጊዜ እየታደሰላት እዚህ ደርሳለች፤ ሰባተኛ ጊዜ አይታደስም። ወይ ቋሚ፣ ወይ ደህና ሁኚ። እናቷ በሳምንት ሁለት ቀን ኩላሊታቸውን የሚታጠቡ ናቸው፤ የሕክምና ደብተር የሚሰጠው ደግሞ ለቋሚ ሠራተኛ ቤተሰብ ብቻ ነው። የቅጥር ወረቀቷ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማ ነው። ወረቀቱ በጋሼ የደረት ኪስ ውስጥ እንዳለ ሁላችንም አይተናል፤ እንድናይ ጫፉ ወጣ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ምሳ ሰዓት ላይ ፎርማኑ መሃላችን አቁሞ አስጠናት።

«በይ፣ እኔ ጋሼ ነኝ። ልጄ፣ ልዩነቱን ንገሪኝ።»

«ዋናው ጥሩ ነው፤ የእርስዎ ደግሞ…»

«ጥሩ አትበዪ!» ጭንቅላቱን ያዘ። «ጥሩ የሚባል ቃል እዚህ ሰው ከሥራ አስወጥቷል። ዋናው ጅምር ነው፣ የእርስዎ ፍጻሜ ነው። ድገሚ።»

«ዋናው ጅምር ነው፣ የእርስዎ ፍጻሜ ነው።»

«ፍጻሜ ስትዪ እጅሽን ደረትሽ ላይ።»

እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ስፖንጅ ቆራጩ ውሃ ትን አለው።

«ኧረ ቀብር ላይ ያለች ነው የምትመስለው! ትንሽ ፈገግ በይ እንጂ እህቴ» አላት ፎርማኑ።

ፈገግ አለች።

«እሱን ተይው፣ ቀብሩ ይሻላል» አለ ቆራጩ፤ ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ። የዕቃ ቤት ኃላፊ ነኝ፤ የሚሳቅበት ነገር ሲመጣ ከሌሎቹ ወደ ኋላ አልቀርም።

«ከመናገሬ በፊት ግን ሁለቱንም በደንብ ልስማቸው» አለች። «አንድ ነገር ጨምረው ቢጠይቁኝስ?»

ፎርማኑ በአዘኔታ አያት። «ስሚ አሉሽ? ተናገሪ ነው ያሉሽ።»

«ሳልሰማ ምን እላለሁ?»

«እኛ ምን ስንል ኖርን?» አለ ቆራጩ፤ ደግሞ ተሳቀ። አስራ አንድ ጊዜ «ፍጻሜ» አስባሏት። በመጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ፤ ፎርማኑ «አዎ! ልክ እንደዚህ!» አላት።

አስር ሰዓት ላይ ገባን። ጋሼ ጥቁር ቲሸርት ለብሰው ነበር፤ ሆዳቸው ላይ የታተመው የራስ ቅል ወደ ጎን ተለጥጦ የሚስቅ ሕፃን መስሏል። በሁለት ረድፍ ቆምን። ጠርዝ ሰፊዋን ከፊት፣ ከፎርማኑ ጎን አቆሟት። ጋሼ የደረት ኪስ የሌለው ቲሸርት ስለለበሱ ወረቀቱን ከእስክሪብቶ ጋር ቀበቷቸው ውስጥ ሸጉጠውታል።

ዋናው ዘፈን ተለቀቀ። አንዲት ጊታር፣ አንድ ጉንፋን የያዘው የሚመስል ሰው። ጥላው የሄደችውን ሴት የበሩን ቁልፍ ይዛው ሄዳ እንደሆነ ይጠይቃታል፤ ሌላ ምንም አይጠይቃትም። መሃል ላይ ጊታሯ ዝም ትላለች፤ ሰውየው ብቻውን ይቀራል። እዚያ ቦታ ላይ የጠርዝ ሰፊዋ ትከሻ ወደ ላይ እንደ ተነሳ ቀረ። ትንፋሿን የያዘች ይመስለኛል። ጋሼም አዩዋት።

«አሁን ደግሞ ይህንን!» አሉና የእሳቸውን ለቀቁ።

ስለ ጋሼ ዘፈን ብዙ መናገር አልችልም። ሰውየው ቁልፉን የሚጠይቀው በሩን እየሰበረ ነው። ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ በእግራችን ይሰማናል። በእሱ ምት ነው ራሳችንን የምንነቀንቀው። አስራ አራት ራስ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በሌለ ጊታር ላይ ጣታቸውን ያራውጣሉ፤ ወደፊት ይሄዳሉ፣ ወደኋላ ይመለሳሉ። አንዴ ወደኋላ ሲመለሱ ተረከዛቸው የድምፅ ማጉያው ገመድ ላይ አረፈ፤ ሶኬቱ ከግድግዳው ተነቀለ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

እኛ በልማድ መነቅነቃችንን ቀጠልን።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ማጉያውን አዩ፣ ቀጥሎ እኛን። አንገታችን በሌለ ምት ይሄዳል። ከመሃላችን እንደ ተበላሸ ማሽን የቆመው የጠርዝ ሰፊዋ ራስ ብቻ ነው። እሷ ግራና ቀኝ አየችን። ፎርማኑ ከጎኗ ነው፤ በክርኗ ጎሰም ብታደርገው ይበቃው ነበር። እጆቿን ፊት ለፊቷ አጣምራ፣ አገጩ ሲወርድና ሲወጣ ተረጋግታ ተመለከተችው። እኔ አንድ ጆሮዬን ብቻ ነበር የደፈንኩት፤ የዕቃ ቤት ስልክ ሊጠራ ይችላልና። ጸጥታውን ሰምቻለሁ። ሆኖም ከሰው መለየት ስለማልወድ እኔም ነቀነቅሁ።

ጋሼ ወደ ጠርዝ ሰፊዋ ጠጋ አሉ። አንገታቸውን አስግገው ቀኝ ጆሮዋን፣ ከዚያ ግራ ጆሮዋን አዩ።

«ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።»

ፎርማኑ የጋሼ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየ። ዘፈኑ አልቆ ጥያቄው የመጣ መሰለው። በጩኸት መሃል የሚናገር ሰው በሚያወጣው ድምፅ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣

«ዋናው ጅምር ነው! የእርስዎ ፍጻሜ ነው!» ብሎ ጮኸና አጨበጨበ። የኋላው ረድፍ ጭብጨባውን አይቶ አጨበጨበ። ቆራጩ አፏጨ።

ጋሼ ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ከፎርማኑ ጆሮ ውስጥ ቢጫ ስፖንጅ ስበው አወጡ። አንደኛ ደረጃ ነው፤ የራሳችን ምርት። ዘንበል ብለው የኋላውን ረድፍ ጆሮዎች አንድ በአንድ አዩ።

ፎርማኑን በትከሻው ይዘው አዞሩት። ወረቀቱን ከቀበቷቸው አወጡና ጀርባው ላይ ዘርግተው ፈረሙ። ለጠርዝ ሰፊዋ ሰጧት።

«አሁን ቋሚ ነሽ። ላስወጣሽ ብልም ሕጉ አይፈቅድልኝም» አሉ። ድምፃቸውን ያን ያህል ዝቅ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «የቱ ይሻላል?»

ፊርማውን አየች። በአውራ ጣቷ ነካችው፤ ደርቋል። ወረቀቱን አጥፋ ጉያዋ ከተተችው።

«ዋናው» አለች።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሼ።

ሄደው ሶኬቱን መልሰው ሰኩት። ዘፈኑ እኛን ሳይጠብቅ ብዙ ርቆ ሄዶ ነበር። ጋሼ ፊት ለፊታችን ቆመው፣ ስፖንጁን በጣቶቻቸው እያሹ፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ አዩን። ፎርማኑ በአንድ ጆሮው እየሰማ መነቅነቅ ጀመረ፤ እኛም ተከተልነው።