ታሪፍ የወጣባት መኪና

የሙከራው ጉዞ የተደረገው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ማደያው ላይ የታክሲ ነጂዎች ማኅበር ሊቀመንበር፣ ከትራንስፖርት ቢሮ የመጣችው ባለሙያ፣ «ረጋ በሉ» የሚባለው የአሮጌ ቤንዚን ታክሲ ነጂ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ታክሲ የሚነዳው ታናሽ ወንድሙ ነበሩ።

ረጋ በሉ ስሙ የወጣለት በአነዳዱ ነው። እሱ ሲነዳ ሕፃን አይነቃም፣ እንቁላል የያዘ ሰው አይሳቀቅም ይባላል። ሆዱ ግን ከስሙ ጋር ከተጣላ ሰነባብቷል። ታናሹ ያቺን ነጭ መኪና ካመጣ ወዲህ እንቅልፍ በዐይኑ አልዞር ብሎታል። የእሱ መኪና ጠዋት ሲቀሰቅሳት እንደ ሽማግሌ ትስላለች፤ የወንድሙ እንደ ድመት ኮቴዋ አይሰማም። እሱ የለፋበትን ለማደያ ይገብራል፤ የወንድሙ መኪና የማደያ ደጅ አትረግጥም። ይህንንስ ይችለው ነበር። ያልቻለው የእናታቸውን ነገር ነው። እናቱን ለዓመታት ሐኪም ቤት ያመላለሳት እሱ ነው። በመንገድ ላይ ሁልጊዜ መሐረብ አፍንጫዋ ላይ ትይዛለች፤ ጉንፋን ይመስለው ነበር። በታናሹ መኪና የሄደች ዕለት ግን መሐረቡን ከቦርሳዋም አላወጣች። ስትወርድ፣ «ለካ መኪና ሳይሸትም ይሄዳል። አልጋዬ ላይ የተኛሁ ነው የመሰለኝ» አለች። ያን ዕለት አንጀቱ አረረ።

በከተማው ታሪፍ የሚወጣው እንዲህ ነው። አንዲት የቤንዚን ታክሲ ታንከሯ ጢም ብሎ ይሞላል። ባለሙያዋ ከፊት ተቀምጣ ከተማውን ዞረው ይመለሳሉ። እንደገና ጢም እስኪል ሲሞላ የገባው ቤንዚን የጉዞው ወጪ ይባላል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ለሁሉም ታክሲ አንድ ታሪፍ ይወጣል፤ ቤንዚን ይጠጣ በኤሌክትሪክ ይሂድ ልዩነት የለውም። ነጂዎች ደግሞ የራሳቸው ያልተጻፈ ሕግ አላቸው፤ ለሙከራ የተመረጠ ሰው መኪናዋን ማጠጣት አለበት። በዝቅተኛ ማርሽ ያስጮኻታል፣ ይፈተለካል፣ ድንገት ፍሬን ይይዛል። ብዙ ከጠጣች ታሪፉ ያድጋል፣ የሁሉም ጓዳ ይሞላል።

ሊቀመንበሩ ወደ ረጋ በሉ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ዛሬ እንኳ ረጋ አትበል» አለው።

«የኔዋ መች ልመና ትፈልጋለች? ማደያ ስታይ ገና ምራቋን ነው የምትውጠው።»

«እሱን ብለን አይደል እሷን የመረጥነው። አንተን የመረጥን መስሎህ ነበር?»

ተሳሳቁ። ታናሹ ቁልፉን በጣቱ እያዞረ መጣ።

«ጋሼ፣ ዛሬ ሁላችንም በአንተ እግር ላይ ነው ያለነው።»

«አንተ ደሞ ምን አገባህ? ቤንዚን አትቀዳ።»

«እሱ አይደል ደስ ያለኝ። ታሪፉ በአንተ ቤንዚን ይወጣል፣ ትርፉ ለኔ ይቀራል» ብሎ ቀለደ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የምሬን ነው ጋሼ። ጭማሪው ከገባ ሁለተኛ መኪና አወጣለሁ። እሷን አንተ ትይዝልኛለህ። እስከ መቼ ጭስ ስትውጥ ትኖራለህ?»

ከልቡ ነበር። ረጋ በሉም ከልቡ መሆኑን ያውቃል፤ ያቃጠለውም ይኸው ነው። አዝሎ ያሳደገው፣ ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ ያስያዘው ልጅ ቀጣሪው ሊሆን ነው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለው ከአንገት በላይ። ገብቶ በሩን ዘጋ።

«እንደ ሁልጊዜው ይንዱ» አለችው ባለሙያዋ ቀበቶዋን እያሰረች።

መጀመሪያ ሊያጠጣት አስቦ ነበር። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ግን ሊቀመንበሩን የጫነችው የወንድሙ ነጭ መኪና ያለ ድምፅ ስትከተለው በመስተዋቱ አየ። ገና ያልተገዛችው ሁለተኛዋም በሐሳቡ ከኋላዋ ታየችው። ራሱን መሪዋ ላይ ተቀምጦ አየው፤ እናቱም ከኋላ ወንበር፣ «የኔ ጌታ፣ የወንድምህን መኪና እንዳታስጭርበት» ስትለው ሰማ። እግሩ ቤንዚን መስጫው ላይ ላላ።

«ይቺን ጭማሪ እንኳ ከኔ አያገኛትም» አለ በሆዱ።

ከዚያ በኋላ የነዳውን አነዳድ በዕድሜው ነድቶ አያውቅም። ቀይ መብራት ከሩቅ ሲያይ እግሩን ያነሳል፤ እየተንሸራተተች እስክትደርስ አረንጓዴ ይሆናል። ቁልቁለቱን በራሷ ክብደት ለቀቃት፤ ዳገቱን እንደ ታማሚ ደግፎ አወጣት። ሊቀመንበሩ ከኋላ ጡሩንባ ቢያስነፋ አልሰማም። ባለሙያዋን መሃል ላይ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት።

ማደያው ሲመለሱ ቀጂው ቱቦውን ከመክተቱ አወጣው።

«በቃት» አለ።

«እንዴት ነው የበቃት?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ሞላች፣ ጌታዬ። መሬት ላይ ላፍስሰው?»

ባለሙያዋ ቆጣሪውን አይታ፣ «ባለቤቷ ቢይዛት ነው፤ ጎበዝ» አለች። ሊቀመንበሩ ረጋ በሉ ላይ አፈጠጠ። ረጋ በሉ ግን ዐይኑ ወንድሙ ላይ ነበር። ፊቱ ሲጠቁር ማየት ፈልጎ ነበር፤ ጠቆረም። ደስታው ግን አንድ ጉርሻ ያህል አልቆየም።

ታናሹ እጁን ያዘው። «ጋሼ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ምን ያመኛል?»

«ታዲያ በዚህ ታሪፍ ነገ በምን ልትቀዳ ነው? እኔስ ማታ ሰክቻት እተኛለሁ። አንተስ?»

ረጋ በሉ ዞሮ ቆጣሪውን አየ። ከአደባባዩ ጀምሮ የወንድሙን ትርፍ ሲያሰላ፣ ታሪፉ የራሱም መሆኑ ትዝ አላለውም ነበር።

አዲሱ ታሪፍ በቀጣዩ ወር ተለጠፈ፤ ከቀድሞው ያነሰ ነበር። የቤንዚን ነጂዎች አንድ በአንድ ተራውን ለቀቁ፤ ረጋ በሉም መኪናውን ለመለዋወጫ ነጋዴ ሸጠ። ታናሹ ሁለተኛ መኪና አልገዛም፤ በአንዷ መሥራቱን ቀጠለ።