የጠፋው ቢጫ

ፎቶ አንሺዋን የሚያውቋት ሁሉ "እሽሩሩ" ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የመጀመሪያ ደንበኛዋ ናት፤ የሚያለቅስ ሕፃን እጇ ከገባ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጸጥ ስለምታሰኘው። ስቱዲዮዋ ከአንድ ልብስ ሰፊ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሰፊ መስኮት፣ የማይጠፋ ማሞቂያ፣ ሕፃን የሚሰምጥበት ክብ ትራስ፣ በየቀለሙ የታጠፈ የመጠቅለያ ጨርቅ፤ ያላት ይኸው ነው። እዚህ ለመድረስ አራት ዓመት ሙሉ የሰርግ ፎቶ አንሺዎችን መብራት ተሸክማ ዞራለች። የራሷን በር ከከፈተች ደግሞ ገና ሁለት ዓመቷ ነው።

በዚያ ጠዋት የመጣችው ሕፃን የስድስት ቀን ልጅ ነበረች። እንደ እሷ ያለ ልጅ እሽሩሩ አይታ አታውቅም። ልብሷን ሲያወልቁላት አላለቀሰችም። ሲጠቀልሏት አልተፈራገጠችም። እጇን ጉንጯ ሥር ቢያደርጉላት እዚያው ተወችው። ሌላው ሕፃን አንድ ደህና አተኛኘት ለመስጠት ሰዓት ይፈጃል፤ ይቺ በአንድ ሰዓት ስድስቱን ሰጠቻት።

"ይቺማ ለካሜራ የተፈጠረች ናት!" አሉ አያትየዋ።

አያትየዋ የአባትየው እናት ናቸው። በከተማው ትልቁ የሕፃናት ልብስ ሱቅ የእሳቸው ነው፤ ነፍሰ ጡር ሁሉ በእሳቸው በር ሳታልፍ አትወልድም ቢባል ማጋነን አይሆንም። ፎቶው ካማረላቸው ግድግዳ የሚያህል አሳትመው ሱቃቸው ውስጥ ሊሰቅሉት፣ የመጣችውንም ገዢ ሁሉ ወደ እሽሩሩ ሊልኩ ቃል ገብተዋል። እሽሩሩ ይህን ቃል ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

እናትየዋ ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ለመሄድ የቸኮለች እንግዳ ትመስላለች። "ጡት አልይዝ ብላኛለች" አለች በቀስታ። "ትጀምርና ወዲያው እንቅልፍ ይወስዳታል።"

"የሰው ልጅ አልተኛ ብሎ እናቱን ያሳብዳል፣ አንቺ ተኛችብኝ ትያለሽ!" አያትየዋ ሳቁ። "አባቷም እንደዚሁ ነበር። በዘራችን ጩኸት የለም።"

እሽሩሩም አብራ ሳቀች። የሕፃኗን ውስጥ እግር በጣቷ ጫፍ ኮረኮር አደረገች፤ ጣቶቿን እንድትዘረጋላት ፈልጋ። እግሩ ንቅንቅ አላለም። መልኳም ቢጫ ቢጫ አለባት። የመጠቅለያው ክሬም ቀለም ይሆናል ብላ በነጭ ቀየረችው። በመጨረሻ የሕፃኗን ጭንቅላት በእናቷ መዳፍ ላይ አስተኝታ አንዲት ፎቶ አነሳች። ከሁሉም የበለጠችው እሷ ሆነች።

"አንዷን እንኳ እስከ ስምንት ሰዓት ላኪልኝ፤ ዘመድ ወዳጅ ይይልኝ" አሉ አያትየዋ፤ ወጡም።

ደረጃውን ወርደው ሳይጨርሱ እሽሩሩ ላፕቶፗን ከፈተች። የእናትየዋ መዳፍ ያለበትን ፎቶ መረጠች። ሕፃኗ በስክሪኑ ላይ ቅድም ካየቻት ይልቅ ቢጫ ሆና ታየቻት። ይህ ለእሷ ብርቅ አይደለም። መብራት ያታልላል፣ ግድግዳ ያታልላል፤ ያንን ማቃናት የዘወትር ሥራዋ ነው። ቢጫውን ቀነስ፣ ሰማያዊውን ጨመር አደረገች። ሕፃኗ የሰው መልክ ያዘች። የእናትየዋ እጅ ግን ሰማያዊ ሆነ።

መለሰችው። እጁ ደህና ሆነ፣ ሕፃኗ ቢጫ። እንደገና ሞከረች፤ እጁ ሰማያዊ፣ ሕፃኗ ደህና። ነጩ ጨርቅ እንኳ ነጭ የሚሆነው ሕፃኗ ቢጫ ስትሆን ብቻ ነበር። መስኮቱ አንድ፣ ብርሃኑ አንድ፣ ቅጽበቱ አንድ። ጥፋቱ የብርሃኑ ቢሆን ኖሮ እጁንም ጨርቁንም አብሮ ያቀልማቸው ነበር።

ቢጫው ከሕፃኗ ከራሷ ነበር።

ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አፏን ከፍታ ተቃጥላለች። ሥራ በጀመረች በአራተኛው ወር የአንዱን ሕፃን እምብርት አይታ "ሐኪም ቢያየው ጥሩ ነው" አለች። ሐኪም አየው፤ ምንም አልነበረበትም። የልጁ እናት ግን "በልጄ አሟረተችብኝ" እያለች ላገኘችው ሁሉ አወራች፣ በየፌስቡክ ገጹም ጻፈች። በአንድ ሳምንት ሦስት ቀጠሮ ተሰረዘ። የቀድሞ አለቃዋ ይህን ሰምቶ ደወለና፣ "የጠሩሽ ፎቶ እንድታነሺ ነው። ባልተጠየቅሽው ምን ጥልቅ አደረገሽ?" አላት። ስልኩን ዘጋችው።

"ሐኪም ቤት ነው የወለደችው፤ እነሱ ሳያዩት አይቀሩም" አለች አሁን ለራሷ። በስክሪኑ ላይ ሕፃኗን ብቻ ለይታ ከበበች። ቢጫውን አጠፋች፣ የእናትየዋን እጅ እንዳለ ተወችው። ፎቶው እንከን የለሽ ሆነ። ላከችው።

የአያትየዋ መልስ በድምፅ መጣ። "ወርቅ ነሽ! ወርቅ! ነገውኑ አሳትሜ እሰቅለዋለሁ!"

ይህን ለመስማት ስንት ዓመት የለፋች ሰው መጨፈር ነበረባት። እሽሩሩ ግን ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ደግሞ ተነሳች። ያልነካቻቸውን ፎቶዎች ከፈተችና አንድ በአንድ አየች። ግንባር፣ ሆድ፣ ጉልበት፤ ቢጫው እስከ ውስጥ እግሯ ወርዷል። ያ እግር ሲኮረኮር ዝም ማለቱ ታወሳት። "ጡት አልይዝ ብላኛለች" የሚለው ቀስ ያለ ድምፅ መጣባት። ልጅቷ ጸጥተኛ ሆና አይደለም። አቅም አጥታ ነው።

ለእናትየዋ ደወለች። አይነሳም። ደግማ ደወለች፤ አይነሳም። በሦስተኛው ያነሱት አያትየዋ ነበሩ።

"አራሷ ጋደም ብላለች። ምነው የኔ ልጅ?"

"እትዬ፣ ሕፃኗ ከሄዳችሁ ወዲህ ጠብታለች?"

"ተኝታለች አልኩሽ እኮ።"

"ቢጫ ሆናብኛለች። ዛሬውኑ ሐኪም ቢያያት…"

"የወፍ በሽታ ያዛት ልትዪኝ ነው? አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?" ስልኩ ተዘጋ።

እሽሩሩ ላፕቶፗን በደረቷ ታቅፋ ወጣች። የቤቱ አድራሻ የቀጠሮ ደብተሯ ላይ ነበር፤ በእግር ሩብ ሰዓት ያስኬዳል። ግማሹን ሮጠች። በሩ ሲከፈት ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ነበር። አያትየዋ በሩን በትከሻቸው ሞልተው ቆሙ።

"እዚህ ድረስ ልታሟርቺ መጣሽ?"

"እትዬ፣ ይቆጡኝ። ግን አንድ ጊዜ ይዩልኝ።" ላፕቶፑን በአንድ ክንዷ ደግፋ ከፈተችው። "ይኼ የእናቷ እጅ ነው፣ ይቺ እሷ። በአንድ ብርሃን ነው ያነሳኋቸው።"

አያትየዋ አዩ። ፊታቸው ላይ ጥርጣሬ ብልጭ ብሎ ጠፋ። ስልካቸውን አወጡና ፊቷ ላይ ደቀኑት። "ቅድም የላክሽልኝስ? እዚህ ላይ የታለ ቢጫው? ለአርባ ሰው አሳይቻለሁ፤ ሁሉም ጤነኛ፣ ውብ ልጅ ነው ያለው። የቱ ነው ውሸቱ?"

እሽሩሩ እዚያ ላይ አንድ ነገር ብላ ልታመልጥ ትችል ነበር፤ ስክሪኑ ነው፣ ስልኩ ነው ማለት ይቻላል።

"የላክሁልዎት ነው ውሸቱ" አለች። "ቢጫውን እኔ ነኝ ያጠፋሁት። አይቼው ነው ያጠፋሁት። ፈርቼ።"

ከአያትየዋ ኋላ የእግር ኮቴ ተሰማ። እናትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደምትሰማ አይታወቅም።

"አልነቃ ብላኛለች" አለች። "ፊቷን በእርጥብ ጨርቅ ነካካኋት። እማዬ፣ አልነቃ አለችኝ።"

"ወደ መስኮቱ አምጪያት" አለች እሽሩሩ፤ ፈቃድ ሳትጠይቅ ገባች። ሦስቱም በብርሃኑ ላይ አጎነበሱ። እናትየዋ የሕፃኗን ዓይን ሽፋን በአውራ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ነጭ መሆን የነበረበት እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ነበር።

አያትየዋ ዞር አሉና የመኪና ቁልፋቸውን ከግድግዳው መስቀያ ነጠቁ። "ምን ትጠብቂያለሽ፣ ውጪ!" አሏት ምራታቸውን። ለማን እንደተቆጡ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስሉም። እናትየዋ በቤት ነጠላ ጫማ ወጣች። እሽሩሩን ማንም ግቢ አላላትም፣ ማንም ውረጂ አላላትም፤ መኪናው ውስጥ ከኋላ ተቀመጠች።

መንገዱ ተዘግቶ ነበር። አያትየዋ ጥሩንባውን እየደበደቡ፣ "ዞር በሉ እናንተ!" ይላሉ። እናትየዋ ጣቷን ሕፃኗ አፍንጫ ሥር አድርጋ ትንፋሿን ትጠብቃለች። "አለች?" ይሏታል በመስተዋት እያዩ። "አለች።" ትንሽ ይሄዱና፣ "አለች?" "አለች።" እንዲህ እየተባባሉ ደረሱ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ብዙ አታወራም። ሕፃኗን አየች፣ ተረከዟን ወግታ ደም ወሰደች፣ ነርሷን በዓይኗ ጠቀሰቻት፤ ልጅቷን ይዘው ገቡ። በሩ ተዘጋ። እናትየዋ ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተችና ወለሉ ላይ ተቀመጠች። እሽሩሩ አጠገቧ ተቀመጠች። አያትየዋ ቆመው ለልጃቸው፣ ለሕፃኗ አባት፣ እየደወሉ ነበር፤ ሲያነሳላቸው ስልኩን ለምራታቸው ሰጧት።

ሐኪሟ የወጣችው ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ ነው። "በደሟ ውስጥ ያለው የቢጫው መጠን በጣም ከፍ ብሏል። ቢጫውን የሚያወርድ ብርሃን ሥር አስገብተናታል፤ ካልወረደ ደም እንቀይርላታለን" አለች። "ነገ ብትመጡ ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው። ጭንቅላቷ ይጎዳ ነበር። መጀመሪያ ያየው ማነው?"

እናትየዋ በአገጯ እሽሩሩን አመለከተች።

ደም መቀየር አላስፈለገም። ሕፃኗ አራት ቀን ሰማያዊ መብራት ሥር ተኛች፤ በሦስተኛው ቀን ክፍሉን በጩኸት አናጋችው፤ እናቷም ጩኸቱን ሰምታ አለቀሰች። በአምስተኛው ወደ ቤት ገባች።

አያትየዋ ግን በሐኪም ቤቱ ኮሪደር፣ በሁለተኛው ቀን፣ እሽሩሩ ልትጠይቅ ስትመጣ ለብቻዋ ጠርተዋት ነበር።

"አመሰግናለሁ" አሉ። "ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር አልወጣልኝ አለ። አይተሽ ነበር። አይተሽ ቀባብተሽ ላክሽልኝ። እኔም ያንን ይዤ ሳገላብጥና ስስቅ ዋልኩ።"

"ልክ ነዎት" አለች እሽሩሩ።

"እኔም ብሆን ምራቴ ልጅቷ ጡት አልያዘችም ስትለኝ አልሰማኋትም።" ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። "እንግዲህ አንቺን ባየሁ ቁጥር እሱም ትዝ ሊለኝ ነው።"

ፎቶው ሱቁ ውስጥ አልተሰቀለም። ከዚያም ማንም ገዢ ወደ እሽሩሩ አልተላከም። አያትየዋ ክፉ አላወሩባትም፤ ስሟን አላነሱም፣ ያ ብቻ። ሦስት ወር ያህል ሥራው ቀዘቀዘ። ለጊዜው ወደ ቀድሞ አለቃዋ ተመልሳ ቅዳሜና እሁድ መብራት ተሸከመች፤ "አየሽ?" ሊላት ሲል ፊቷን አይቶ ተወው። እናትየዋ ግን አልፎ አልፎ ትደውልላታለች፤ ስለ ፎቶ ሳይሆን ልጅቷ ሳቀች፣ ልጅቷ ተገለበጠች ለማለት።

በአራተኛው ወር አንዲት አዲስ እናት የአምስት ቀን ወንድ ልጅ ይዛ መጣች። ከሩቅ ሰፈር ነው የመጣችው፤ ማን እንደላካት አልተናገረችም። እሽሩሩ ካሜራውን አላነሳችም። ልጁን ተቀብላ መስኮቱ ዘንድ ወሰደችው፣ ኮፍያውን አወለቀችለት።

"ከትናንት ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠባ?"

እናትየዋ ግንባሯን ቋጠረች። "ፎቶ ልናስነሳው እኮ ነው የመጣነው።"

"አውቃለሁ እህቴ። እሱ ይደርሳል። ስንት ጊዜ ጠባ?"

እናትየዋ ቅር እያላት በጣቷ መቁጠር ጀመረች። አምስት ላይ ስትደርስ ልጁ ዓይኑን ከፈተ፣ እሽሩሩን ለአፍታ ትክ ብሎ አየ፤ ከዚያ ቤቱን በለቅሶ አቀለጠው።