የወንድሟ አፍ

ርዕሰ መምህርቷ ነገሩን የሰማችው ሰኞ ጠዋት፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ነው። የሂሳብ መምህሩ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለባልደረቦቹ ያሰማል። እሷ ስትገባ ለማጥፋት ቢጣደፍም ዘግይቷል።

«እነዚህ የታችኛው ሰፈር ሰዎች ጎርፍ ጠርጎ ያመጣብን ጉድፍ ናቸው» ይላል ድምፁ። «እህቴ ትመረጥ እንጂ መልሰን እንጠርጋቸዋለን።» ከዚያ ሳቅና ጭብጨባ ይከተላል። በእሷ የምርጫ ቅስቀሳ ላይ እንዲህ የተናገረው ልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድሟ ነበር።

ለከተማው ምክር ቤት ምርጫ ስምንት ቀን ቀርቷል። የታችኛው ሰፈር ሰዎች ከሦስት ዓመት በፊት ወንዙ ሞልቶ ቤታቸውን ሲወስድባቸው መጥተው በዚያው የቀሩ ናቸው፤ እዚህ ከተማ ሲመርጡ ዘንድሮ የመጀመሪያቸው ነው።

ረፋዱ ላይ የዘመቻዋ ኃላፊ ቢሮዋ ደረሰ። ጠበቃ ነው፤ የተማሪነት ጓደኛዋ ስለሆነ ነገር አያሽሞነሙንላትም።

«ዝም ብንል ነገሩ ያብጣል» አለ ሳይቀመጥ። «ቀልድ ነው ብንል ይብሱን እንሰደባለን። ሐሙስ ታችኛው ሰፈር ትሄጂና ወንድምሽን በአደባባይ ትክጂዋለሽ። ሌላ መንገድ የለሽም።»

«ያሳደገኝ እኮ እሱ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰዉም ያውቃል። የሚያምኑሽም ለዚሁ ነው።»

እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሱ አሥራ ሰባት፣ እሷ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርቱን ትቶ የአባታቸው ስፌት መኪና ላይ ተቀመጠና እሷን አስተማረ። በእህቱ የሚኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም። ከሁሉም አነጋገሯን ይወድላት ነበር፤ አንድ ቀን የጣለችውን ቃል አንሥቶ ለደንበኞቹ ሳምንት ሙሉ ሲደግመው ይሰነብታል።

ሱቁ ስትደርስ ጨርቅ እየቆረጠ አገኘችው።

«መጣሽ?» አለ ቀና ሳይል። «ጉዴን ሰማሽ።»

«ምን ነካህ ጋሼ?»

«ሰዉ ሲያጨበጭብልኝ ጊዜ ሞቅ አለኝና አፌን ለቀቅኩት።» መቀሱን አቆመ። «የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት። የመጀመሪያው ግን የማን ቃል እንደሆነ ታስታውሺያለሽ አይደል?»

ታስታውሳለች። በጎርፉ ዓመት ተፈናቃዮቹ እሷ ትምህርት ቤት ሰፍረው ሲወጡ፣ ግማሹ ዴስክ ለማገዶ ተሰባብሮ ጠበቃት። ያን ቀን በንዴት ጦፋ ወንድሟ ቤት ምሳ ላይ «ጎርፍ ጠርጎ ያመጣብን ጉድፍ» ያለችው ራሷ ናት። እሱ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ስቆ ነበር።

ልታጽናናው ይገባት ነበር። ከአፏ የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«ለሰው ተናግረሃል?»

ወንድሟ አሁን ቀና ብሎ አያት።

«አልተናገርኩም» አለ። «አልናገርምም። ሂጂ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ሐሙስ ዕለት የታችኛው ሰፈር አዳራሽ ጢም ብሎ፣ ቦታ ያጣው ሰው በመስኮት ያዳምጥ ነበር። እሷም ጠበቃው ያረቀቀላትን ሳታዛንፍ ተናገረች። የወንድሟ ንግግር እንዳሳፈራት፣ ቃሉ ቃሏ እንዳልሆነ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በዘመቻዋ ውስጥ ቦታ እንደሌለው። ጭብጨባው ሲበርድ አንዲት ልብስ አጣቢ ከፊት ተነሣች፤ ጣቶቿ ውሃ በዝቶባቸው ተጨማደዋል።

«እርስዎስ?» አለች። «ቤትዎ ሲሆኑ ምን ብለው ነው የሚጠሩን?»

«ጎረቤቶቼ» አለች ርዕሰ መምህርቷ።

ቃሉ ሳይደናቀፍ ነበር የወጣላት። ያስደነገጣትም ይኸው ነው።

በመቶ አርባ ድምፅ ብልጫ አሸነፈች፤ ብልጫው የመጣው ከታችኛው ሰፈር ነው። በዚያው ሳምንት የወንድሟ ደንበኞች ጨርቃቸውን ሳያሰፉ መውሰድ ጀመሩ። አንዱ ደግሞ የሱቁ በር ላይ «ጉድፍ» ብሎ በቀለም ጻፈበት። ልታየው ስትሄድ በሩን በእርጥብ ጨርቅ እየፈተገ ነበር።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አላት።

ሰው ፊት ስለሆኑ መስሏት ዞር ብላ አየች። ከሁለቱ በቀር ማንም አልነበረም።

«ጋሼ፣ ቃሉ የኔ ነው ብዬ እናገራለሁ።»

«እንደፈቀዱ» አለና መፈተጉን ቀጠለ።

በማግስቱ ልብስ አጣቢዋን ፈልጋ ታችኛው ሰፈር ወረደች። ቧንቧው አጠገብ አንሶላ ስትጨምቅ አገኘቻትና ሁሉንም፣ የዴስኩንም የምሳውንም ነገረቻት። ሴትየዋ እጇን አላቆመችም።

«ጠርጥረን ነበር» አለች። «ወንድምዎ ያን ቃል ሲናገር አፉ የለመደው ይመስል ነበር።»

«ታዲያ ለምን መረጣችሁኝ?»

«ሌላው ተወዳዳሪ እኛ ጋ አልመጣማ። እርስዎ ቢዋሹም መጡ። መምጣትዎን ቆጠርንልዎት።» አንሶላውን ገመዱ ላይ አሰጣችው። «ለእኔ ለብቻዬ ነግረውኝ ቅልል ብሎዎት እንዲሄዱ ግን አልፈልግም። የዋሹት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ነው።»

ምክር ቤቱ ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ ተሰብስቧል። በየስብሰባው እጇን ታወጣለች፤ ስለ ታችኛው ሰፈር ውሃና መንገድ አምርራ ትከራከራለች፤ ሁለተኛ ቧንቧም አስፈቅዳላቸዋለች። ቃሉ የራሷ መሆኑን ግን አላነሣችም። ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ እሱን የሚያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ገብቷል፤ ስትደውልለት ያነሣል፣ ስለ ባሏና ስለ ልጆቿ ጤና እንደ ሩቅ ዘመድ ይጠይቃታል።

ትናንት እራት ላይ፣ በአምስተኛው ስብሰባ እንደምትናገር ለባሏ ነገረችው። እሱም እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ከአራተኛው በፊትም እንዲሁ ብላው ነበር።