የኦሬታ እጆች

ኦሬታ በኢጣሊያዋ ሲዬና ከተማ፣ ከምንጩ ዳር የሰው ልብስ እያጠበች የምትተዳደር መበለት ነበረች። አንድ ቀን የስድስት ወር ልጇን ቬንቱራን ስታጠባ ሠዓሊው ኔሪ በዚያ ሲያልፍ አያትና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አንቺ ሴት፣ ለደብራችን እመቤታችንን ከነልጇ ልሥል ነው። ከልጅሽ ጋር ትቀመጪልኛለሽ?»

«እኔ?» ብላ በሣቅ ፈነዳች። «መምህር፣ ፀሐይ መታዎት መሰለኝ!»

ግን ሄደች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቀመጠች። ቬንቱራ ጥርስ ሊያበቅል ነበርና ፍዳቸውን አሳያቸው። ኔሪ ልጁ ለቡራኬ ሁለት ጣቱን እንዲያነሣ ይለምነዋል፤ እሱ የእናቱን አውራ ጣት ጨምድዶ በድዱ ያኝካል። ኦሬታ ልታስለቅቀው ስትል ሠዓሊው ጮኸ።

«ተዪው! እንዳትነቃነቂ!»

ያንኑ ሣለው።

ሥራው ሲያልቅ የደብሩ አለቃ አባ ላፖ ሊያዩ መጡ። ከባሕር ማዶ በመጣ ድንጋይ ዱቄት የተቀባው ሰማያዊ ካባ፣ በስስ ወርቅ የተለበጠው ሰማይ፣ የልጁ ድቡልቡል ጉንጭ… አባ ላፖ በአድናቆት አማተቡ። ከዚያ ጠጋ አሉና ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ኔሪ፣ የሰማይ ንግሥት እጅ እንዲህ ቀልቶ ተሰነጣጥቆ?»

«ያየሁትን ነው የሣልኩት፣ አባ።»

«አለስልሰዋ!»

ኔሪ እያመነታ ብሩሹን አነሣ። ጥግ የቆመችው ኦሬታ እጆቿን ሽርጧ ውስጥ ወሸቀች። ኀፍረቱ ፊቷን ለበለባት፤ ዝም ማለት ግን አላስቻላትም።

«አባ፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ናዝሬት ላይ የልጇን ጨርቅ ማን ነበር የሚያጥብላት? ገረድ ነበራት እንዴ?»

አባ ላፖ ሥዕሉን እንደገና ብዙ አዩት።

«ተወው፣ አትንካው» አሉ በመጨረሻ። ወደ ኦሬታ ዞር ብለውም፣ «ጳጳሱ ቢጠይቁኝ ግን መልሱን የምትሰጪ አንቺ ነሽ!» አሏት።

በልደታ ቀን ሥዕሉ በዝማሬ ታጅቦ ወደ ደብሩ ገባ። ልብስ አጣቢዎቹ ሕዝቡን በክርናቸው እየገፉ ከፊት ደረሱ።

«እዩአት እስቲ!» አለች ጓደኛዋ ቢቼ፣ እንባዋ እየወረደ። «አሁን ገና ከሥራ ገብታ አረፍ ያለች አትመስልም?»

ኦሬታ ቀና አለች። ኔሪ መልኳን ወስዶ አንዳች ነገር ጨምሮበታል፤ በሥዕሉ ላይ ያለችው ልጇን የሚጠብቀውን መከራ እያወቀች ዛሬን ግን በደስታ የምታቅፈው እናት ነበረች። የገዛ ፊቷ መሆኑን ረሳችው። ቬንቱራን ደረቷ ላይ አጥብቃ ከሕዝቡ ጋር ተንበረከከች።

«እመቤቴ፣» አለች፣ «አሳድጊልኝ።»