እህቴ ከስክሪኖቹ ፊት

ስንት ሙሽራ ፎቶ ያነሳ ሰው አንድ ስክሪን ማንሳት ያቅተዋል ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔም አላሰብኩም ነበር።

ታናሽ እህቴ የከተማውን ውሃ ከአንድ ክፍል ሆና ትቆጣጠራለች። የትኛው መስመር ፈነዳ፣ የትኛው ማጠራቀሚያ ጎደለ፣ ሁሉም ከፊቷ በተደረደሩት ስክሪኖች ላይ ይታያል፤ ካርታውንም የሠራችው ራሷ ናት። እናታችን ግን ለጎረቤት ስታወራ "ልጄ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ስታይ ትውላለች፤ ለዚያ ደግሞ ይከፍሏታል" ትላለች። እህቴ አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን ይቆስላል።

"ጋሼ፣ ሥራዬን አንስተህ ለእማዬ አሳይልኝ" አለችኝ። አለቃዋን አስፈቅዳም አስገባችኝ።

እኔ ምን ተዳዬ፣ ፍላሹን ለቀቅኩት። ካርታው መሃል አንድ ነጭ ብርሃን ቁጭ አለበት። ፍላሹን አጥፍቼ ብሞክር ደግሞ ጥቁር ሰንበር ተጋደመበት።

"እማዬ ይሄን ብታይ፣ ቴሌቪዥኑም ተበላሽቷል ነው የምትለው" አለች እህቴ።

ደሜ ፈላ። በሙያዬ የሚቀልድብኝ ሰው አልወድም፤ የገዛ እህቴም ብትሆን።

ለካ ስክሪኑ ለዓይን ሳይታወቅ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ካሜራዬ ደግሞ ከእሱ ይፈጥናል። የጣሪያውን መብራት አስጠፋሁ። ነጭ ሸሚዜ የስክሪኑ መስታወት ላይ ስለሚታይ የአለቃዋን ጥቁር ኮት ተውሼ ደረብኩ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያው ላይ አቁሜ ፍጥነቱን ቀነስኩ። እንዲህ ሲሆን ግን የሚነሳው ሰው ትንሽ እንኳ መነቃነቅ የለበትም።

"በቃ፣ ተነሺ!" አልኳት።

ብድግ አለች። ፎቶው ላይ የወጣው ጭስ የመሰለ ነገር ነው።

"አንቺ! ፎቶ ተነሺ ማለቴ እኮ ነው!"

"ታዲያ ቁጭ ብለሽ ተነሺ አትልም?"

አለቃዋ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ እህቴ ወደ ካርታው ዞረች። ሥራዋን ስታይ እኔን ረሳችኝ፤ ፊቷም ረጋ አለ። ያኔ ነው ያነሳኋት። የየሰፈሩ ስም ሳይቀር ጥርት ብሎ ይነበባል። ኮራሁ፤ በራሴ ይሁን በእሷ አልለየሁትም።

ፎቶውን አሳትሜ እናታችን ጭን ላይ አስቀመጥኩት። መነጽሯን አድርጋ መስመሮቹን በጣቷ ተከተለች።

"የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?"

እህቴ አሳየቻት።

"እና እዚህ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ እዚያ ሆነሽ ታዪዋለሽ?"

"አየዋለሁ፣ እማዬ።"

እናታችን ወደ ጓዳ ገባችና ሲንጠባጠብ የከረመውን ቧንቧ ጥርቅም አድርጋ ዘጋችው።

"ልጄ እያየችው እንዴት ይፈሳል!"