የወንዝ ዳር አፈር

ጣሊያን አገሩን በያዘ በሁለተኛው ክረምት ነው። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ቆፋሪውን አገኘሁን ከሽንፋው የከሰል ጉድጓድ አናት ላይ ዋልካ አፈር እንዲያመጣ አዘዘው። የሽንፋ ዋልካ ደግሞ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ እግር ከያዘ አይለቅም። ለጣሊያን መጫወቻ ማን ወገቡን ይሰብራል? አገኘሁ ቀላሉን የወንዝ ዳር አፈር በከሰል ብናኝ አጠቆረና አስረከበ።

መሐንዲሱ ጎኑ መስተዋት በሆነ ሳጥን ውስጥ ስንጥር እንደ ምሰሶ አቁሞ አፈሩን ከላይ ደለደለው። ጉድጓዱን በትንሹ መሥራቱ ነው። ጣሪያው መቼ እንደሚናድ ለማየት ስንጥሮቹን አንድ በአንድ ነቀለ። እኩሌታው ተነቅሎም አልተናደ። ደስ አለውና የእውነተኛው ጉድጓድ ምሰሶም እኩሌታው ተነቅሎ ለሌላ ጉድጓድ ይዋል አለ።

እንዲነቅል የተመረጠው የአገኘሁ ታናሽ ወንድም ሸጋው ነበር። አገኘሁ አፈሩን መለወጡን ቢናገር ይረሸናል፤ በቀደም አብሮት የሚቆፍረውን ባፈናን አካፋ ሰረቅህ ብለው በቆፈረው አፈር ላይ በጥይት ደፍተውታል።

«አያ፣ ምን ያንቀጠቅጥሃል? ወባ ያዘህ እንዴ?» ሲል ሸጋው ቀለደበት። «ሳጥኑ ጣሪያው አይወድቅም ብሏል እኮ።»

«ቶሎ ውጣ» ብቻ አለው። ፈሪ!

ብዙም ሳይቆይ ምድር ጮኸች፤ የጉድጓዱ አፍ ጥቁር አቧራ ተፋ። አገኘሁ በጥፍሩ ቆፍሮ ሲደርስበት፣ የሸጋው ደረት ተጨፍልቆ አፉ በዋልካ ተሞልቶ ነበር። ጭቃውን በጣቱ ከወንድሙ አፍ እየጠረገ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ።

መሐንዲሱ ግን ሳጥኑ ላይ ተደፍቷል። አፈሩን በጣቶቹ አሸው፤ ጣቶቹ ጠቆሩ፣ አፈሩ ነጣ። ቀና ብሎ አስተርጓሚውን ጀይሉን አንድ ነገር ጠየቀው።

ጀይሉም ወደ አገኘሁ ዞሮ፣ «ይኸ አፈር ከየት የመጣ ነው? ይልሃል» አለ።

አገኘሁ በዶማ መለሰ። የመጀመሪያው ምት የጀይሉ አንገት ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው የመሐንዲሱን ፊት ፊት አላስባለውም። ሦስተኛው ሳጥኑን አደቀቀ። ዘበኞቹ ሲተኩሱ እሱ ማሽላው ውስጥ ገብቶ ነበር።

የአርማጭሆ አርበኞች በፉከራ ተቀበሉት። የወንድሙን ደም የመለሰ ጀግና አሉት! እናቱ ወይዘሮ አሰበች አርበኞቹ ወዳሉበት ወደ ሳንጃ ከተማ ድረስ መጥታ ዶማ የያዘ እጁን ሳመች።

«ልጄን የገደሉትን ጨረስህልኝ?»

አፈሩን ያጠቆረበትን እጁን ነጠቃት።

«አልጨረስሁም፣ እማየ። አንድ ቀርቷል።»

እናቱ እልል አለች። አርበኞቹም ለዚያ ለቀረው አንድ ብለው ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ ሰጡት።